ጉድለት ያለበት አዲስ የእንጨት ሥራ መኪና ሲያጋጥም ገዢና ሻጭ ማድረግ የሚገባቸው

ማናቸውም ሰው ገንዘቡን አውጥቶ አዲስ መኪና ሲገዛ፥ ከሣጥኑ የወጣው ዕቃ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እንዲያገለግለው ተስፋ ያደርጋል። ይሁን እንጂ አዲስ መሆን ብቻውን ደኅና ለመሆን ማስረጃ አይሆንም። ከፋብሪካ ጀምሮ እስከ አናጢው ጠረጴዛ ድረስ መኪናው በብዙ እጅ ያልፋል፤ በየእጁም ጉድለት ሊያገኘው ይችላል። ጉድለቱ በተገኘ ጊዜ ገዢው ሻጩን፥ ሻጩ አስመጪውን፥ አስመጪውም የውጭውን ፋብሪካ ወይም መርከቡን ይወቅሳል። በዚህ መካከል ቀኑ ያልፋል፤ ቀኑ ካለፈም መብቱ አብሮ ያልፋል። ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀው ይህን ጉዳት ለማስቀረት ሲሆን፥ ምሳሌውን ከሐረር፥ በተለይም ከሸዋ በር አካባቢ ወስዷል።

ሐረር ስለ መኪና ስንናገር እንግዳ ከተማ አይደለችም። በጁገል ውስጥ የልብስ ሰፊዎች መንገድ «መኪና ግርግር» ተብሎ የሚጠራው ከስፌት መኪናዎች ድምፅ የተነሣ ነው። ስሙ «መኪና» የሚለው ቃል ተሽከርካሪ ብቻ ሳይሆን ማናቸውንም የሥራ መሣሪያ ያመለክት እንደ ነበረ ያስታውሰናል፤ እኛም በዚህ ጽሑፍ ቃሉን በዚሁ ትርጕም እንጠቀምበታለን። የእንጨት ሥራም ቢሆን በሐረር ቤቶች የተቀረጹ በሮች ላይ የሚታይ የቆየ ጥበብ ነው። ስለዚህ መጋዝና መላጊያ መኪና ለከተማዪቱ ባለሱቅ የታወቀ ሸቀጥ፥ ለአናጢውም የእንጀራው መሠረት ነው።

፩. ጉድለቱ ከወዴት እንደ መጣ ስለ መለየት

«መኪናው ተበላሽቷል» ከማለት በፊት ብልሽቱ ከአራቱ ዓይነቶች የትኛው እንደ ሆነ መለየት ያስፈልጋል፤ ኀላፊው ሰው በያንዳንዱ ይለያያልና።

አንደኛው የሥሪት ጉድለት ነው፤ ብረቱ ሲቀልጥ ተጣምሞ የቀረ ጠረጴዛ፥ ከመካከሉ የወጣ ዘንግ፥ ሲዞር የሚጮኽ ኩሽኔታ ከዚህ ይቈጠራሉ። ኀላፊነቱም የሻጩና ከሻጩ በስተጀርባ ያሉት ነው። ሁለተኛው የጉዞ ጉዳት ነው፤ ይህ የአጓጓዡና የኢንሹራንሱ ጉዳይ ነው። ሦስተኛው የተከላ ስሕተት ነው፤ መኪናው ደኅና ሆኖ ሳለ ሽቦው በተሳሳተ መንገድ ሲታሰር ወይም መሬቱ ውኃ ልኩን ሳይጠብቅ ሲቀር የሚመጣ ነው። ይህም የተከለው ሰው ኀላፊነት ነው። አራተኛው ለሥራው የማይስማማ መኪና መግዛት ነው፤ ለቀጭን ሣንቃ የተሠራ ትንሽ መጋዝ ወፍራም የባሕር ዛፍ ግንድ እንዲሰነጥቅ ቢታዘዝ ሞተሩ ይቃጠላል። በዚህ ጊዜ ጥያቄው ገዢው ሥራውን ለሻጩ በግልጽ ነግሮት ነበርን የሚል ይሆናል።

እነዚህን አራቱን ሳይለዩ ክስ ማንሣት ገንዘብንም ወዳጅነትንም ያጠፋል።

፪. ሣጥኑ በሚከፈትበት ቀን

ወደ ሐረር የሚመጣ የውጭ ዕቃ አብዛኛውን ጊዜ ከጅቡቲ ወደብ በድሬዳዋ በኩል ያልፋል። ከድሬዳዋ እስከ ሐረር 50 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን መንገዱ የደንገጎን ዳገት በብዙ ጠመዝማዛ ይወጣል። በቀለጠ ብረት የተሠራ ከባድ መኪና በደንብ ካልታሰረ በዚህ መንገድ ላይ ይናወጣል። ገዢው በጁገል ውስጥ የሚሠራ እንደ ሆነ ደግሞ ከበሩ ወዲያ ያሉት መተላለፊያዎች ጠባብ ስለ ሆኑ፥ የጭነት ተሽከርካሪ ሊገባባቸው በማይችል ስፍራ መኪናው በሰው ሸክም ይጓዛል። አንዱ ተሸካሚ ቢደናቀፍ የመኪናው ጥግ ከድንጋይ ጋር ይገናኛል።

ስለዚህ በውሉ ላይ «ርክክቡ በሸዋ በር ነው» ወይም «ርክክቡ በገዢው ሥራ ቤት ውስጥ ነው» የሚል አንድ ዐረፍተ ነገር መጻፍ ቀላል መስሎ ይታያል፤ ክርክር ሲነሣ ግን ትልቅ ዋጋ አለው። በሕጋችን ዕቃው ጉድለት እንዳለበት የሚመረመረው፥ የጉዳቱ ኀላፊነት ከሻጭ ወደ ገዢ በተላለፈበት ጊዜ የነበረው ሁኔታ ታይቶ ነውና፥ ከበሩ እስከ ሥራ ቤቱ ባለው አንድ መቶ እርምጃ ውስጥ የደረሰው ስብራት የማን እንደ ሆነ የሚወስነው ይኸው ዐረፍተ ነገር ነው።

ሣጥኑ ከመከፈቱ በፊት በአራቱም ገጽ ፎቶግራፍ ይነሣ፤ ዛሬ ይህን ለማድረግ የእጅ ስልክ ይበቃል። ሣጥኑ የተሰበረ ወይም የረጠበ ከሆነ ይኸው በማጓጓዣ ሰነዱ ላይ በጽሑፍ እንዲሰፍር ይደረግ፤ ሾፌሩም ይፈርምበት። ከዚያም ከዝርዝሩ ጋር እያስተያዩ ቢላዋውን፥ ቺንጋውን፥ መፍቻውን፥ የእጅ መከላከያውንና የአሠራር መጽሐፉን መቍጠር ነው። የእጅ መከላከያ መጕደል እንደ ትንሽ ነገር ሊታይ አይገባም፤ ያለ መከላከያ የሚሠራ መጋዝ የሠራተኛውን ጣት ይወስዳልና፥ መከላከያው እስኪመጣ መኪናው መሥራት የለበትም።

በጠረጴዛው ላይ የተቀባውን የዝገት መከላከያ ቅባት አይቶ «አሮጌ ዕቃ ሸጡልኝ» የሚል ገዢ አይጠፋም። ይህ ቅባት ብረቱን ከባሕር ጨው የሚጠብቅ ስለ ሆነ በጨርቅና በጥቂት ነጭ ጋዝ ይጠረጋል። ከሥሩ የወጣው ብረት በዝገት ተበልቶ ከተገኘ ግን ያን ጊዜ ቅሬታው እውነተኛ ነው።

፫. ኤሌክትሪኩን አስቀድሞ ስለ መመርመር

የተቃጠለ አዲስ ሞተር ሁልጊዜ ከፋብሪካው በደል የተነሣ አይደለም። በኢትዮጵያ የሚሠራበት ኤሌክትሪክ ለአንድ ፌዝ 220 ቮልት፥ ለሦስት ፌዝ 380 ቮልት ያህል ሲሆን ዑደቱ በሰከንድ 50 ነው። ከሞተሩ ጎን የተለጠፈችው ትንሽ ሰሌዳ ላይ «220/380» ተብሎ ከተጻፈ፥ ይህ ሞተር በሦስት ፌዝ መሥመራችን ላይ በኮከብ ቅርጽ መታሰር አለበት። ኤሌክትሪክ ሠራተኛው በሦስት ማዕዘን ቅርጽ አስሮት ቢያበራው፥ ለ220 ቮልት የተጠመጠመው ሽቦ 380 ይደርሰውና በጥቂት ጊዜ ውስጥ ይቃጠላል። ሻጩ በዚህ ሊጠየቅ አይችልም።

እንዲሁም በሰከንድ 60 ዑደት ላለው አገር የተሠራ ሞተር በእኛ መሥመር ላይ ከስድስት እጅ አምስቱን ያህል ብቻ ይዞራል፤ በደቂቃ 1,750 ጊዜ ይዞር የነበረው ወደ 1,450 ይወርዳል። መጋዙ እንደ ሰነፈ የሚታየው ስለዚህ ነው። እንዲህ ያለ መኪና አስመጥቶ የሸጠ ነጋዴ ግን «መኪናው ደኅና ነው» ብሎ ሊያመልጥ አይገባውም፤ በዚህ አገር ለተለመደው አገልግሎት የማይሆን ዕቃ ጉድለት ያለበት ዕቃ ነውና።

የመሥመሩ ኀይል ማነስም ሌላ ምክንያት ነው። የሞተር የማዞር ጉልበት ከቮልቱ ካሬ ጋር ስለሚወርድ፥ ቮልቱ ከመቶ 10 ሲቀንስ ጉልበቱ ከመቶ 19 ያህል ይቀንሳል። ከቈጣሪው እስከ መኪናው ረጅምና ቀጭን ሽቦ የዘረጋ ሰው ጉድለቱን የሠራው ራሱ ነው። ስለዚህ ቮልቱ መኪናው ቆሞ ሳለና እንጨት እየቈረጠ ሳለ ሁለት ጊዜ ይለካ።

ለሐረር ነጋዴ የሚጠቅም አንድ ሌላ ነገር አለ። የፋብሪካ ሞተሮች በተለመደው ደንብ የሚመጠኑት ከባሕር ወለል በላይ እስከ 1,000 ሜትር ላለ ስፍራ ሲሆን ሐረር ግን ከ1,800 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የተቀመጠች ናት። በከፍታ ላይ አየሩ ስስ ስለ ሆነ ሞተሩን እንደ ቆላው አያቀዘቅዘውም። አስመጪው በትእዛዝ ደብዳቤው ላይ መኪናው የሚሠራበትን ከፍታ ቢገልጥ ፋብሪካው የሚበቃውን ሞተር ሊመርጥለት ይችላል፤ ሳይገልጥ ቀርቶ ሞተሩ ቢግል ግን ክርክሩ ይከብደዋል።

በመጨረሻም የሦስት ፌዝ ሞተር ወደ ኋላ ቢዞር ጉድለት አይደለም፤ ከሦስቱ ሽቦዎች ሁለቱን ማለዋወጥ ይበቃል። ሞተሩ እያጕረመረመ ሳይነሣ ቢቀር ደግሞ አንዱ ፌዝ ተቋርጦ እንዳይሆን ወዲያውኑ አጥፍቶ መመርመር ይገባል።

፬. መኪናውን በሥራ ስለ መፈተን

ኤሌክትሪኩ ደኅና መሆኑ ከታወቀ በኋላ ፈተናው በደረቅ እንጨት ይሁን። እርጥብ ዋንዛ ወይም እርጥብ ባሕር ዛፍ ከተላገ በኋላ እየደረቀ ራሱ ስለሚጣመም፥ ጥፋቱ የእንጨቱ ሆኖ ሳለ መኪናው ይታማል።

መኪናው አስቀድሞ ያለ እንጨት ለጥቂት ጊዜ ይዙር። ከዚያም ይጥፋ፤ ሙሉ በሙሉ ከቆመና ኤሌክትሪኩ ከተቋረጠ በኋላ የኩሽኔታው ሙቀት በእጅ ይታይ። ለእጅ የማይቻል ሙቀት ወይም እንደ አሸዋ የሚፈጭ ድምፅ የኩሽኔታ ጉድለት ምልክት ነው። መንቀጥቀጥ ሲኖር ግን አስቀድሞ እግሮቹ መሬት መንካታቸው፥ ፑሌጃዎቹ በአንድ መሥመር መዋላቸውና ቺንጋው በልክ መወጠሩ ይመርመር።

በመላጊያ መኪና (አናጢዎች ፒያላ በሚሉት) የሁለት ሣንቃዎች ጠርዝ ተልጎ አንዱ በሌላው ላይ ይቀመጥ። በመካከሉ ወይም በጫፉ ብርሃን የሚያልፍ ከሆነ ሁለቱ ጠረጴዛዎች በአንድ ደረጃ ላይ አይደሉም ማለት ነው። ውፍረት በሚያስተካክለው መኪና ደግሞ ሰፊ ሣንቃ ካለፈ በኋላ የቀኙና የግራው ጠርዝ ውፍረት ይለካ። በመጋዝ መኪና ምላጩ ከፊት ጥርሱና ከኋላ ጥርሱ እስከ መምሪያው ያለው ርቀት ይነጻጸር።

በዚህ ፈተና ልዩነት ቢገኝ ወዲያውኑ ሻጭን መክሰስ አይገባም። ብዙ መኪናዎች ከፋብሪካ ሲወጡ የነበራቸውን ልክ በጉዞ ያጣሉ፤ ስለዚህም ማስተካከያ ብሎን ተሠርቶላቸዋል። በአሠራር መጽሐፉ መሠረት ተስተካክሎ የሚቃና ከሆነ ነገሩ አበቃ። ብሎኑ መጨረሻው ደርሶ ልዩነቱ ካልጠፋ፥ ወይም የጠረጴዛው ብረት ራሱ በቀጥታ ማስመሪያ ሲታይ የጎበጠ ከሆነ፥ ይህ የሥሪት ጉድለት ነው። ገዢው በዚያው ይቁም፤ ጠረጴዛውን ለማቃናት መዶሻ ወይም ሞረድ ቢያነሣ የራሱን ማስረጃ ያጠፋል።

፭. ማስታወቂያው በጽሑፍ እንዲሆን

በቃል ያለ ይረሳል፥ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል። በሻይ ቤት የተነገረ ቅሬታ በኋላ ለመመስከር አይመችም። ገዢው ጉድለቱን ባወቀ ጊዜ ሳይዘገይ ደብዳቤ ይጻፍ፤ ቅጂውን አስፈርሞ ያስቀር፥ ወይም በአደራ ፖስታ ይላከው። የደብዳቤው መልክ እንደሚከተለው ሊሆን ይችላል።

«ከድርጅታችሁ በ…… ቀን በደረሰኝ ቍጥር …… የገዛሁት የእንጨት መላጊያ መኪና፥ ተራ ቍጥሩ ……፥ በ…… ቀን ተከፍቶ በ…… ቀን ተፈትኗል። የኋለኛው ጠረጴዛ በመካከሉ …… ሚሊሜትር ጎብጦ ተገኝቷል፤ በመጽሐፉ መሠረት ቢስተካከልም አልተቃናም። የኤሌክትሪኩ መሥመር በሥራ ጊዜ ተለክቶ …… ቮልት ሆኗል። መኪናውን ማሠራት አቁሜ ባለበት ጠብቄዋለሁ። በ…… ቀን ውስጥ ባለሙያ ልካችሁ እንድታዩልኝና እንድታድሱልኝ ወይም እንድትለውጡልኝ አመለክታለሁ። ፎቶግራፎች ተያይዘዋል።»

ይህ ደብዳቤ ስድብም ዛቻም የለበትም። ጉድለቱን በቍጥር ያመለክታል፤ ሻጩ ሊያነሣው የሚችለውን የኤሌክትሪክ ጥያቄ አስቀድሞ ይመልሳል፤ የሚፈለገውንም ይናገራል።

፮. ሕጉ ስለሚለው

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ሽያጭ በደነገገው ክፍል፥ ከአንቀጽ 2287 ጀምሮ፥ ሻጭ ያስረከበው ዕቃ ከውሉ ጋር የሚስማማና ጉድለት የሌለበት ለመሆኑ ኀላፊ መሆኑን ይናገራል። ለተለመደው አገልግሎት ወይም በውሉ ለታሰበው ልዩ አገልግሎት የሚያስፈልገው ጠባይ የጐደለው ዕቃ ጉድለት እንዳለበት ይቈጠራል። በአንጻሩ ገዢው ዕቃውን ጊዜ እንዳገኘ የመመርመር፥ ጉድለቱንም ሳይዘገይ የማስታወቅ ግዴታ አለበት። ካስታወቀም በኋላ በአንድ ዓመት ውስጥ ክሱን ካላቀረበ፥ ሻጩ ሆን ብሎ ያታለለው ካልሆነ በቀር መብቱን ያጣል።

በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 813 ጉድለት ያለበትን ዕቃ በ15 ቀን ውስጥ መልሶ ለውጥ ወይም ገንዘብ ስለ መጠየቅ ደንግጎ ነበር። ብዙ ባለሥራ ቤቶች በዚህ ይተማመናሉ። ነገር ግን አዋጁ ሸማች የሚለው ለራሱ ወይም ለቤተሰቡ ፍጆታ የሚገዛውን ሰው እንጂ ለማምረቻ ወይም መልሶ ለመሸጥ የሚገዛውን አይደለም። ስለዚህ ለሥራ ቤቱ መኪና የሚገዛ አናጢ መመኪያው የፍትሐ ብሔር ሕጉና የገዛ ውሉ ናቸው።

፯. በመካከል ስላለው ባለሱቅ

ከሁሉ ይልቅ በአደጋ ላይ ያለው ባለሱቁ ነው። ለምሳሌ ያህል አንድ የሸዋ በር ባለሱቅ ከአዲስ አበባ አስመጪ ሦስት መኪናዎች ገዝቶ ሣጥናቸውን ሳይከፍት በመጋዘን አስቀመጠ እንበል። ከአሥራ አራት ወር በኋላ አንዱን ሸጠ፤ ገዢው በማግሥቱ ከፍቶ የተሰነጠቀ ጠረጴዛ አገኘና በሕጉ መሠረት ወዲያው አስታወቀ። የገዢው መብት ገና ትኩስ ነው። ባለሱቁ ግን ዕቃውን በጊዜው አልመረመረም፤ ወደ አስመጪው ቢሄድ «አሥራ አራት ወር ምን ትሠራ ነበር» የሚል መልስ ይጠብቀዋል። ኪሳራው በእርሱ ላይ ይቆማል።

መፍትሔው አስቸጋሪ አይደለም። ባለሱቁ ዕቃው በገባበት ሳምንት ሣጥኑን ከፍቶ ይመርምር፤ ካልሆነም አስመጪው የሚሰጠው ዋስትና ለመጨረሻው ገዢ ከተሸጠበት ቀን ጀምሮ እንዲቈጠር በውል ያስጽፍ። ከገዢ ቅሬታ ሲደርሰውም ራሱ መርምሮ እስኪጨርስ ሳይጠብቅ፥ በዚያው ቀን የደብዳቤውን ቅጂ ለአስመጪው ይላክ።

«ዕቃው ከውጭ የመጣ ነው፤ እኔ አላውቅም» ማለት ከኀላፊነት አያድንም። ገዢው ውል ያደረገው ከባለሱቁ ጋር እንጂ ከፋብሪካው ጋር አይደለምና። ከዚህም በላይ በሸዋ በር ገበያ ወሬ ፈጥኖ ይሄዳል፤ አንድ መኪና በፈቃዱ የለወጠ ባለሱቅ ሌላ አሥር ገዢ ሊያገኝ ይችላል።

፰. አስመጪው አስቀድሞ ሊያስብበት ስለሚገባው

አስመጪው በባንክ የክፍያ ሰነድ (ኤል ሲ) ሲገዛ ባንኩ የሚመረምረው ሰነዱን እንጂ ዕቃውን አይደለም። ሰነዱ የተሟላ ከሆነ የተጣመመ መኪና ለላከ ፋብሪካም ይከፈላል። ስለዚህ መከላከያው ከመክፈል በፊት ነው፤ መኪናው ከመጫኑ በፊት በገለልተኛ መርማሪ ታይቶ የምርመራው ምስክር ወረቀት ከክፍያ ሰነዶቹ አንዱ እንዲሆን ማድረግ፥ ወይም ከዋጋው ጥቂት እጅ፥ ለምሳሌ ከመቶ 10፥ መኪናው ተተክሎ ከተፈተነ በኋላ እንዲከፈል መዋዋል ነው።

በሲ አይ ኤፍ ዋጋ የሚገዛ ነጋዴም እንዳይሳሳት። ሻጩ የመርከቡንና የኢንሹራንሱን ዋጋ ቢከፍልም፥ የጉዳቱ ኀላፊነት ወደ ገዢው የሚያልፈው ዕቃው በመነሻው ወደብ መርከብ ላይ ሲጫን ነው። በባሕር ላይ የተሰበረውን ፋብሪካውን መጠየቅ አይቻልም፤ ጥያቄው ለኢንሹራንሱና ለመርከቡ ይቀርባል። በ1924 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በወጣው የሔግ ደንብ በግልጽ የሚታይ ጉዳት በርክክቡ ጊዜ፥ የተሰወረ ጉዳት ደግሞ በ3 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ለአጓጓዡ ይነገራል፤ ክሱም በአንድ ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት።

ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የብር ዋጋ በብዙ ስለ ቀነሰ፥ መለዋወጫ እንደ ገና ከውጭ ማስመጣት በብር ሲታሰብ ይከብዳል። ስለዚህ ከመኪናው ጋር ተጨማሪ ኩሽኔታ፥ ቺንጋና ቢላዋ አብሮ ማዘዝ፥ ጉድለት ያለበትንም ክፍል ፋብሪካው በራሱ ወጪ እንዲልክ በውሉ ማስገባት ብልኅነት ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ይባላልና።

፱. ክርክሩን ስለ መጨረስ

ጉድለቱ ከተረጋገጠ በኋላ አራት መንገዶች አሉ፤ ማደስ፥ ክፍሉን ወይም መኪናውን መለወጥ፥ በስምምነት ዋጋ መቀነስ፥ ውሉን አፍርሶ ገንዘቡን መመለስ። ትንሽ ጉድለት ላለበት መኪና ውል ይፍረስ ማለት ፍርድ ቤትን አያስደስትም፤ ሦስት ጊዜ ታድሶ ያልተቃናውንም አራተኛ እናድሰው ማለት አናጢውን ሥራ ማስፈታት ነው። መኪናው በቆመበት ቀን ሁሉ አናጢው ለሠራተኛ ደመወዝ፥ ለቤት ኪራይ፥ ምናልባትም ለብድር ወለድ ይከፍላል። ሻጩ ይህን አስቦ እድሳቱ እስኪያልቅ ምትክ መኪና ቢያውስ በኋላ ከሚጠየቀው የጉዳት ካሣ ይቀልለታል።

ሁለቱ ወገኖች ካልተስማሙ አስቀድሞ አንድ ገለልተኛ ባለሙያ መርጠው መኪናውን በጋራ ያስመርምሩ። ውላቸው ስለ ግልግል ዳኝነት የሚናገር አንቀጽ ካለው፥ በ2013 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 1237 ሥርዐቱን ደንግጓል። የአዲስ አበባ ንግድና ዘርፍ ማኅበራት ምክር ቤትም የግልግል ተቋም አለው። ከውጭ ፋብሪካ ጋር ለሚዋዋሉ ደግሞ ኢትዮጵያ በ2012 ዓ.ም. የኒው ዮርክን የግልግል ውሳኔዎች ስምምነት መቀበሏ ይጠቅማል፤ እዚህ የተሰጠ የግልግል ውሳኔ የስምምነቱ አባል በሆነ በሌላ አገር እንዲፈጸም ለመጠየቅ ያስችላልና።

ባጭሩ ገዢ ሆይ፥ በጊዜው ክፈት፥ ፈትን፥ ጻፍ፤ ባለሱቅ ሆይ፥ ቅሬታውን በዚያው ቀን አስተላልፍ፤ አስመጪ ሆይ፥ ከመክፈልህ በፊት አስመርምር። እነዚህ ሦስቱ ከተጠበቁ፥ የተበላሸው መኪና ይታደሳል ወይም ይለወጣል፤ በገዢና በሻጭ መካከል ያለውም መተማመን ሳይፈርስ ይቆያል።